ሴሊካዬ ፒያሳ ስትደርስ ትፈላለች፤ ፋኑ ግን ይሽከረከራል

ቀይሴሊካ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር ነው የምጽፈው። መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ናት። በፈረንጆች 1996 የተሠራች፣ ባለ 1.8 ሊትር፣ ሞተሯ 7ኤ-ኤፍኢ የሚባለው፣ ማርሿ በእጅ። አራት ክብ የፊት መብራት ያላት ያቺ ሞዴል። እዚህ ከተማ ውስጥ ዝቅ ያለች መኪና መያዝ ምን እንደሚመስል የያዘ ያውቀዋል።

ችግሩ ሙቀት ነው። አጀማመሩ እንዲህ ነበር። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ከፊቴ የጭነት መኪና ካለ፣ ከኋላው በሁለተኛ ማርሽ እየተንቀረፈፍኩ ስከተል የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ ይላል። ፒያሳ ደርሼ ሳቆም የመጠባበቂያው ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ፋኑ ግን ዝም።

አንድ ኤሌክትሪሻን ጋ ወሰድኳት። የፋኑን የሙቀት ስዊች ፈታና በድስት ውሃ ጥዶ እዚያ ውስጥ ከተተው። በመብራት እየሞከረ ጠበቀ። ውሃው ተንተከተከ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም። «ይሄ ሞቷል» አለ። አዲስ ስዊች ስላልተገኘ ፋኑን ዳይሬክት አደረገልኝ፤ ዳሽቦርዱ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ገጠመ። ለጊዜው ተሻላት። ቆይቶ የፋኑ ሞተር ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ። ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ የፋን ሞተር አስመጣሁ፤ ሌላ ሰው ገጠመልኝ። አሁን ፋኑ በደንብ ይሽከረከራል። ድምፁም ይሰማል።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን አቀበት ላይ ብቻ አይደለም፣ ወደ ማክሰኝት በሚወስደው መንገድ በ80 ስነዳም ቀስቱ ይወጣል። ድሮ ሜዳ ላይ ሞቃ አታውቅም።

ዘይቷ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አልገባበትም። ነጭ ጭስ የላትም። አንድ ጋራዥ «ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይውረድ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ እኔም ሞቀኝ። ከማስወረዴ በፊት የምትሉኝ ካለ ልስማ።

ደባርቄው፦

ወንድሜ አትጨነቅ። ቴርሞስታቱን፣ ያንን በሙቀት የሚሠራ የውሃ መክፈቻና መዝጊያ፣ አውጥተህ ጣለው። እኔ ሊማሊሞን በሚኒባስ ስወጣ ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። መኪና ስገዛ መጀመሪያ የማወጣው እሱን ነው። ለበረዶ አገር የተሠራ ዕቃ ነው፣ እኛ ጋ ምን ያደርጋል?

ጋሽ_ቺንጋ፦

ደባርቄው፣ በዚህ እንኳ አንስማማም። ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ብቻ አይደለም። ሞተሩ ቶሎ ሞቆ በልኩ እንዲቆይ ነው የተገጠመው። ስታወጣው ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ፋሻውም (የፒስቶኑ ቀለበት) ያለጊዜው ያልቃል። ደግሞ የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት ከጀርባው ሁለተኛ ቫልቭ አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ያኛው ቫልቭ አቋራጩን የውሃ መንገድ ይዘጋል፣ ውሃው ሁሉ በራዲያተር እንዲያልፍ። ዕቃውን ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። የሚሞቅ መኪና ላይ ቴርሞስታት አውጥቶ የባሰበት ሰው ስንቱን አይቻለሁ። ከተበላሸ ይቀየራል እንጂ አይጣልም።

ወደ አንተ ልመለስ ልጄ። እኔ የሚሞቅ መኪና ሲመጣልኝ ኮፈን ከመክፈቴ በፊት መቼ እንደሚሞቅ ነው የምጠይቀው። ቆማ ወይም ስትንቀረፈፍ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ የጎደላት አየር ነው፤ ቬንቲላተሩን (ፋኑን) እይ። ስትሮጥ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ አየሩ ሞልቷል፤ የጎደለው የውሃው ዝውውር ነው። ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ የውሃ ፖምፓው ደክሟል፣ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ፖምፓው ሲስብ ይጨማደዳል። ቆማም ሮጣም ከሞቀች ውሃ ጎድሏል፣ ቴርሞስታቱ አልከፈት ብሏል፣ ወይም ጋርኒሽኑ (የቴስታታው ማሸጊያ) ሄዷል።

ያንተ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የዘለለችው ፋኑ ከተነካካ በኋላ ነው። በሽታ ብቻውን እንዲህ አይዘልም። መጀመሪያ የሚታየው ሰው እጁን ያገባበት ቦታ ነው።

እስቲ ጥቂት መልስልኝ። የዲናሞው ቺንጋ (ቀበቶ) ላልቷል? በዚህ ሞተር የውሃ ፖምፓውንም የሚያዞረው እሱ ነው። ከፊት በሥር በኩል ያለው ፕላስቲክ አለ? የራዲያተሩ ክዳን መቼ ተቀየረ? የምትሞላውስ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ነው የቧንቧ ውሃ?

ቀይሴሊካ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቺንጋው አዲስ ነው፣ ጠበቅ ብሏል። የሥሩ ፕላስቲክ የለም። ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ እየቆራረጡ ጨረሱት፤ የቀረውን ጋራዥ ነቅሎ ጣለው። ክዳኑ ከመኪናዋ ጋር የመጣው ነው፣ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። የምሞላው የቧንቧ ውሃ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚጎድል።

አንድ ግራ ያጋባኝ ነገር ልጨምር። ከእንፍራንዝ ስመለስ ፋኑን ሳላበራ ነው የነዳሁት። ቀስቱ መሃል ላይ ቁጭ አለ። መንገድ ላይ ሳበራው መውጣት ጀመረ። አጋጣሚ ነው ብዬ ተውኩት።

የሽቦዋ_እህት፦

ኧረ አጋጣሚ አይደለም! ፋንህ ወደ ኋላ እየዞረ ነው።

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። የሴሊካ ፋን ያለው ከራዲያተሩ ጀርባ፣ በሞተሩ በኩል ነው። ከፊት አየር ስቦ በራዲያተሩ ውስጥ ማሳለፍ ነው ሥራው። የፋኑ ሞተር የዲሲ ሞተር ነው። ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተቀያየሩ በተቃራኒው ይዞራል። ድምፁ ያው ነው። በዓይን ስታየውም ያው ነው፣ እየተሽከረከረ ማን ይለየዋል? የሌላ መኪና የፋን ሞተር ሲመጣ ሶኬቱ አልገጥም ይላል። ሽቦው ተቆርጦ ይቀጠላል። ቀለሙም አይመሳሰልም። ነገሩ የሚበላሸው እዚያች ቅጥያ ላይ ነው።

አሁን ቆመህ ስታበራው የሞተሩን ትኩስ አየር ወደ ራዲያተሩ እየገፋ ነው። ስትሮጥ ደግሞ ከፊት ከሚመጣው ንፋስ ጋር ይታገላል። ስታጠፋው የቀዘቀዘችልህ ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ከደብተር አንድ ሉክ ይበቃሃል። መኪናዋ ቆማ ፋኑን አብራ። ወረቀቱን ከፊት በኩል፣ መከላከያው ክፍተት ላይ፣ ከራዲያተሩ ፊት ካለው የኤሲው ኮንደንሰር አስጠግተህ ያዘው። በትክክል ከዞረ ይስበዋል፣ ብትለቀውም ተለጥፎ ይቀራል። ከገፈተረው ነገሩ አልቋል። ሽቦዎቹን አቀያይር። አንዳንዱ ሽቦውን ትቶ የፋኑን ክንፍ ገልብጦ ይገጥማል፤ እሱን እንዳትቀበል። የክንፉ ቅርጽ የተቀረጸው ለአንድ አቅጣጫ ነው፣ ተገልብጦ በቂ አየር አይስብም።

ደግሞ ያ ዳሽቦርድ ሥር ያለው ማብሪያ ያስፈራኛል። የፋኑ ከረንት በሙሉ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው? ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አለው? ስትነካው የሚሞቅ ከሆነ ዛሬውኑ አስነቅለው።

አራዳ_ሾፌር፦

ሽጠህ ቪትዝ ግዛ። አለቀ።

የሽቦዋ_እህት፦

ቪትዝም ፋን አላት፣ እሷም ክዳን አላት። ቀጥሉ።

ቀይሴሊካ፦

የሽቦዋ እህት፣ እጅሽ ይባረክ!

ወረቀቱን አስጠግቼ ስይዘው ጫፉ ወደ እኔ ተጠቀለለ። ስለቀው እግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ስል ፊቴን የመታኝ ትኩስ አየር ነው፣ የዘይት ሽታ ያለው። ከፊት በኩል እንዲህ ያለ አየር መውጣት አልነበረበትም። ሽቦዎቹ ተቀያየሩ። አሁን ወረቀቱ ኮንደንሰሩ ላይ ልጥፍ ይላል፣ በጥፍር ነው የምታነሱት። ማብሪያው ግን እንዳልሽው ነው፤ ጀርባው ላይ ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀምሯል። ሪሌይ የለውም።

የማክሰኝቱ መንገድ ላይ ሙቀቱ ጠፋ። ቀስቱ ንቅንቅ አይልም።

የፒያሳው ግን አልለቀቀኝም። ቀስቱ እንደ ድሮው ቀይ ጋ አይደርስም፣ ግን ወጥቼ ሳቆም ያው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ጠዋት ራዲያተሩን ስከፍት ጎድሏል። ጠርሙሱ ደግሞ እስከ አፉ ሞልቷል። ወደ ቴስታታው ልመለስ እንዴ?

መምህር_ነኝ፦

መካኒክ አይደለሁም፣ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ግን ያ ድስት ውስጥ የተቀቀለው ስዊች ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 78 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 101 ነው። ግፊቱ ሲያንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ እኛ ጋ ክዳኑ በተከፈተ ድስት ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ 93 አካባቢ ነው። ደባርቅ ላይ ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል። ሽንብራ ደባርቅ ላይ ከመተማ ይልቅ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታባብሰው ሙቀቱ አይጨምርም፣ ውሃው በቶሎ ያልቃል እንጂ።

አሁን የዚያ ዘመን ቶዮታ የፋን ስዊች እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ። ከ83 ዲግሪ በታች ሲሆን ውስጡ የተገናኘ ነው። ከ93 በላይ ሲሆን ይለያያል፤ ያኔ ፋኑ ይነሳል። እንግዲህ ኤሌክትሪሻኑ ጎንደር ላይ ስዊቹን ውሃ ውስጥ ቀቀለው። ውሃው 93 ላይ ቆመ። ስዊቹ የሚጠብቀው ከ93 በላይ ነው። መብራቱ ባይጠፋ ምን ይገርማል? ምጽዋ ላይ ቢሆን ኖሮ ያው ድስት ስዊቹን ያስነሳው ነበር። ያ ፈተና ስለ ስዊቹ ምንም አልነገረንም። ስዊቹ ደኅና ሊሆን ይችላል።

ታዲያ መኪናዋ ላይ ሳለ ለምን ፋኑን አላስነሳም? እዚህ ጋ ነው ክዳኑ የሚመጣው። በጤናማ መኪና ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ አይደለም። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ይኖራል። ያ ማለት ከውጭው አየር በላይ ወደ 88 ኪሎፓስካል እስኪደርስ አፍኖ ይይዛል። ያንን 78 ላይ ደምሩት። በዚያ ግፊት ንጹሕ ውሃ የሚፈላው ወደ 114 ዲግሪ ግድም ነው። ግማሽ በግማሽ ኩላንት ከሆነ ከዚያም ከፍ ይላል። ፋኑ 93 አካባቢ ይነሳል፣ ውሃው ደግሞ ለመፍላት ገና 20 ዲግሪ ይቀረዋል። በመሃላቸው ሰፊ ቦታ አለ።

ክዳኑ ካልያዘ ግን ያ ቦታ ይጠፋል። ውሃው የሚፈላውና ፋኑ የሚነሳው እኩል ይሆናሉ። እንዲያውም ውሃው ይቀድማል። የሞተሩ ቀዳዳ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ውሃውን ወደ ጠርሙሱ ይገፋዋል፣ ስዊቹ ያለበት ቦታም በቂ ሙቀት ሳይደርሰው ይቀራል። ከውጭ የሚታየው ምንድን ነው? «ውሃው ፈላ፣ ፋኑ ግን አልተነሳም»። ሰው ሁሉ ፋኑን ይከሳል።

ቆላ ላይ የደከመ ክዳን ይዞ የሚሄድ መኪና ሳይታወቅበት ሊቆይ ይችላል። ጎንደር ግን አያስታምምም።

ደባርቄው፦

መምህር፣ አንተ እንዳልከው ከሆነ የደባርቅ መኪና ሁሉ ሲፈላ መዋል ነበረበት። 91 ላይ ይፈላል አልክ፣ ሞተር ደግሞ ከ90 በላይ ይሞቃል። እኛ ግን እንነዳለን።

መምህር_ነኝ፦

የምትነዱት ክዳናችሁ ስለያዘ ነው። ሊማሊሞ ላይ ቆሞ የሚፈላውን መኪና አስታውስ፤ አዲሱ ነው አሮጌው? ደግሞ የናንተ አየር ስስ ቢሆንም ብርድ ነው፤ ያ ያግዛችኋል።

ቴርሞስታት በድስት ስትፈትሹም ይሄን አስቡ። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት 82 አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ያ እዚህም ይታያል። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚለካው ግን 95 ዲግሪ ላይ ነው። እኛ ጋ በክፍት ድስት 95 አይደረስም። ስለዚህ መከፈት ጀምሮ ጥግ ድረስ ካልሄደ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት።

ደባርቄው፦

ይሄን እንኳ አላውቅም ነበር። ስንቱን ጥያለሁ በሉኝ።

ጋሽ_ቺንጋ፦

መምህር የተናገረው ቁጥር ነው፤ እኔ በዓይን የሚታየውን ልጨምር። ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ጎድሏል ነው ያልከው? ያ የክዳኑ ኑዛዜ ነው።

ክዳን ሁለት ሥራ አለው። ትልቁ ስፕሪንግ ከነጎማው ግፊቱን ይይዛል፣ ሲበዛ ወደ ጠርሙሱ ያስተነፍሳል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቆብ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የወጣውን ውሃ መልሳ ትስባለች። እሷ ስትጣበቅ ውሃው ሄዶ አይመለስም። አንዳንዴ የላይኛው ማኒኮቶ ጠዋት ተጨማድዶ ታገኘዋለህ።

ሞተሩ ፍጹም በረዶ ሲሆን ክፈተው። ሙቅ እያለ በጨርቅም ቢሆን እንዳትሞክር። መምህር እንዳለው ውስጡ ያለው ውሃ ከ100 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ ሲለቅ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። ገልብጠህ ጎማውን እይ። ጠንክሯል? ክብ ጠባሳ ይዟል? በጥፍርህ ስትጫነው ይሰነጠቃል? ትንሿን ቆብ በጣትህ ሳብ አድርግ፤ ተዘርግታ መመለስ አለባት። የራዲያተሩ አንገት ራሱም ይታይ። እዚያ ዝገት ካለ አዲስ ክዳንም አይይዝም። ስትገዛ ያው 0.9 ይሁን። «1.1 ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ በዚህ ዕድሜ ራዲያተርና ማኒኮቶ ላይ ግፊት መጨመር የደከመውን ቦታ ፈልጎ መቅደድ ነው።

ቴስታታውን ለማውረድ ገና ነው። ጋርኒሽን የሄደበት ሞተር ምልክት አለው። ጠዋት ቀዝቃዛውን ክዳኑን ከፍተህ አስነሳው። ውሃው ገና ሳይሞቅ ያለማቋረጥ አረፋ ካወጣ ጥርጣሬ አለ። ክዳኑ ተዘግቶ ከተነሳ በደቂቃ ውስጥ ማኒኮቶው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ያ ሙቀት አይደለም፣ የፒስቶን ግፊት ነው። እነዚህ ከሌሉ ገንዘብህን ኪስህ አድርግ።

ሌላው የሥሩ ፕላስቲክ ነው። ዝቅ ያለች መኪና አየር የምታገኘው በአብዛኛው ከመከላከያው ሥር ነው። ያ ፕላስቲክ አየሩን ወደ ራዲያተሩ ይመራዋል። ሲጠፋ አየሩ ራዲያተሩን ሳይነካ በሥር ያመልጣል። ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ፋኑን የከበበው ማቀፊያም እንደዚያው ነው፣ ከተሰነጠቀ ፋኑ የሞተር አየር ነው የሚያንቀሳቅሰው።

ክዳኑ ከተቀየረ በኋላ የቧንቧውን ውሃ አፍስሰህ በኩላንት ሙላ። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁማት፤ ጎንደር ውስጥ ዳገት አይጠፋም። የውስጥ ማሞቂያውን ጥግ አድርሰው። ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ይሥራ፣ አረፋው እስኪያልቅ በቀስታ እየሞላህ ጠብቅ። ክዳኑ ክፍት ሲሆን ቶሎ ስለሚፈላ እንዲያ ብዙ አታቆየው፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈትና የላይኛው ማኒኮቶ ሲሞቅ ሙላና ዝጋ። አየር ከተቀረቀረ ሁሉም ልፋት ከንቱ ነው።

የሽቦዋ_እህት፦

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ የስዊቹን ልጨርስ።

ስዊቹን ለመፈተሽ ድስትም አያስፈልግም ነበር። በነዚህ ቶዮታዎች ቁልፉን ኦን ላይ አድርገህ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ የስዊቹን ሶኬት ትነቅላለህ። ፋኑ መነሳት አለበት፤ ምክንያቱም መምህር እንዳሉት ሲለያይ ነው የሚነሳው። ከተነሳ ፊውዙ፣ ሪሌዩና የፋኑ ሞተር ደኅና ናቸው። ካልተነሳ ወደ ፊውዙ ሂድ፣ ከዚያ ሪሌዩን አጠገቡ ካለው ተመሳሳይ ሪሌይ ጋር አቀያይረህ ሞክር፣ በመጨረሻ ፋኑ ሶኬት ላይ 12 ቮልት መድረሱን በቴስተር ለካ። መሬቱን አትርሳ። ኔጋቲቩ ቦዲ ላይ የታሰረበት ብሎን ሲዝግ ፋኑ እየዞረ ይደክማል፣ ሰው ሞተር ይቀይራል።

ስዊቹን ራሱን መቀቀል ካማረህ በውሃ ሳይሆን ግማሽ በግማሽ ኩላንት ውስጥ ቀቅለው፤ እሱ ከውሃ ከፍ ብሎ ይፈላል። የወጥ ድስት ግን እንዳትነካ። ኩላንት መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይልሰዋል፣ ከጨረስክ በኋላ ሜዳ ላይ አትድፋው።

ያንን የቀለጠ ማብሪያ አስነቅለህ የፋብሪካውን ሽቦ መልስ። «በእጄ ማብራት እፈልጋለሁ» ካልክ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ማብሪያውን የፋኑ ሽቦ ላይ አታድርገው፤ የስዊቹ ቀጭን ሽቦ ላይ በመሃል ግጠመው። ስታቋርጠው ፋኑ በራሱ ሪሌይ ይነሳል። ስትመልሰው ስዊቹ ሥራውን ይሠራል። በማብሪያው የሚያልፈው ትንሽ ከረንት ስለሆነ አይቀልጥም። ሽቦው ድንገት ቢበጠስም ፋኑ አይጠፋም፣ ይነሳል እንጂ። ቶዮታዎች ሲያስቡት እንዲህ አድርገው ነው ያሰቡት፣ ይመቻቸው።

ቀይሴሊካ፦

ሁሉንም አደረግኩ። በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ክዳኑን ገለበጥኩት። ጎማው ጠርዝ ላይ ተሰንጥቆ ቁራሹ ጎድሏል፤ የቀረው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ትንሿ ቆብ በዝገት ተጣብቃ ጭራሽ አትንቀሳቀስም። አዲስ 0.9 ገዛሁ። ክዳኑ የኮሮላም ስለሆነ እዚሁ ጎንደር ተገኘ።

የስዊቹን ሶኬት ነቅዬ ቁልፉን ኦን አደረግኩ። ፋብሪካው ሪሌይ ጠቅ አለና ፋኑ ተነሳ። ሪሌዩ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ስዊቹንም በኩላንት ቀቀልነው። ውሃ ላይ አልጠፋ ያለው መብራት እዚህ ጋ ጠፋ፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በራሱ ተመልሶ በራ። ሞቷል የተባለው ስዊች ደኅና ነው።

ኮንደንሰሩን ፈታ ስናደርገው በሱና በራዲያተሩ መሃል ጭድ፣ ላባና ሁለት ፌስታል ወጣ። ፌስታሎቹ ከሙቀቱ ብዛት ክንፎቹ ላይ ቀልጠው ነበር። የሥሩን ፕላስቲክ ከበርሜል አስቆርጬ አሠራሁ፤ አያምርም፣ ግን ጠንካራ ነው። ጠዋት አረፋ የለም፣ ማኒኮቶውም አይጠነክርም። ስለዚህ ቴስታታው አልወረደም።

ከዚያ ሆን ብዬ ከአዘዞ በቀትር ወጣሁ፣ ከአንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ኋላ። ግማሽ መንገድ ላይ ፋኑ ራሱ ተነሳ። ቀስቱ ከመሃል ትንሽ ከፍ አለና ተመለሰ። ፒያሳ አቁሜ ጠርሙሱን አየሁ፤ ውሃው ዝም ብሏል። ጠዋት ራዲያተሩ ሙሉ ነው።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ደግሞ ልዩ ምስጋና። መጀመሪያ ክዳኑን የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት።

ጋሽ_ቺንጋ፦

ይባርክህ ልጄ። ያ ከሶማሌ ተራ የመጣው የፋን ሞተር ያገለገለ ነው፣ ካርቦኑ (ውስጡ ከረንት የሚያቀብለው) መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ቆሞ ጠቅ ስታደርገው ብቻ የሚነሳበት ቀን ከመጣ ካርቦኑ አልቋል ማለት ነው፤ እስከዚያ ሌላ አፈላልግ። ቀስቱ ከወጣብህ ደግሞ ኤሲ አጥፋ፣ ማሞቂያውን ክፈት፣ ጥግ ይዘህ ቁም። በሞቀ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትደፋ፣ የዚህ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፣ ይጣመማል።

ጎልፍ_ጂቲአይ፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ። የኔ የድሮ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ነቅዬ ከሄድኩ በኋላ ፋኑ ብቻውን ይነሳል። ዘበኛው «መኪናህ ጂን አለባት» ብሎኛል። እንዳላችሁት የስዊቿን ሶኬት ነቅዬም ሞከርኩ፤ ፋኑ ግን አልተነሳም። ተበላሽታ ነው?

የሽቦዋ_እህት፦

ጂን የለባትም። የድሮዎቹ ጎልፎች የፋን ስዊች ራዲያተሩ ላይ የተገጠመ ነው፣ ኤሌክትሪኩንም የሚያገኘው በቀጥታ ከባትሪ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ውሃው መዞሩን ስለሚያቆም ሙቀቱ ለጊዜው ይጨምራል፤ ስዊቹ ያን ጊዜ ፋኑን ያስነሳል። ደኅና ነው። ቶዮታው ሲለያይ የሚነሳ ነው፣ ያንቺ ወይም ያንተ ጎልፍ ሲገናኝ የሚነሳ ነው። ስለዚህ ሶኬቱን ነቅሎ መተው አይበቃም፤ የሶኬቱን ጫፎች በሽቦ ስታገናኛቸው ነው መነሳት ያለበት። ሞተሩ ቀዝቅዞም ካልቆመ ስዊቹ ተጣብቋል፣ ባትሪ ሳይጨርስ ቀይረው። ኮፈን ስትከፍት ደግሞ ቁልፉ በኪስህ ቢሆንም እጅህን ከፋኑ አርቅ።